በምንጩ ሳጥን የገደልኋቸው እንቁራሪቶች

በዚያን ቀን ምንጩ ዳር የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይመር ነበሩ። ከአውራጃ የመጣ፣ ስሙን የማልጽፈው አንድ ወጣት ካድሬ ነበር። እትዬ ደብሬ ነበሩ፤ ማንም ሳይሾማቸው የመንደሩ ሴቶች ሁሉ የሚሰሟቸው ትልቅ ሰው። የወንድሜ ሚስት የሺ ነበረች፤ የሁለት ዓመት ልጇን ታደሰን አዝላ። ባልንጀራዬ ሰይድ ነበር፤ የሥራዬን ግማሽ የተሸከመልኝ። ጌጤ፣ እቴነሽ፣ ዝናሽና ማሚት እንስራቸውን አዝለው ከኋላ ቆመው ነበር። እኔም ነበርሁ፤ አስናቀ፣ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ። ከእኛ ሌላ በምንጩ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ሰባት እንቁራሪቶች ነበሩ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ነው። ባለፈው ዓርብ ምሳ ቀርቦ፣ የጾም ተልባ በብርጭቆ ተቀድቶ ሳለ፣ ደብተሯን ይዛ መጣችና «አባባ፣ እንቁራሪት በምንድን ነው የምትተነፍሰው?» አለችኝ።

«በሳንባዋም በቆዳዋም።»

«ውኃስ እንዴት ነው የምትጠጣው?»

«በአፏ አትጠጣም። በሆዷና በጭኗ ቆዳ ነው የምትስበው።»

«አንተ ይህን የት ተማርህ?»

ተልባውን አየሁት፤ ከብርጭቆው አፍ ቀጭን ክር ይጎትት ነበር። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ምራቄን ተፋሁ። ልጄ ምሳው ያልተስማማኝ መስሏት ደነገጠች። ምሳው ምንም አላደረገኝም።

መንደራችን ከብልባላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በደርግ ዘመን የዚያች መንደር የጤና ወኪል ነበርሁ። ትልቅ ሹመት አይምሰላችሁ። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልነበረኝም፤ የቀረውን ከተገኘው ወረቀት ሁሉ፣ ከስኳር መጠቅለያ ሳይቀር፣ ራሴ ነው የለቃቀምሁት። ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ የተቀደዱ አንድ የእንስሳት ሳይንስ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ማን እንደ ጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ላሊበላ ሄጄ ጥቂት ሳምንት ሠለጠንሁና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዤ ተመለስሁ። ውስጡ ፋሻ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ እንዲሁም በጣሳ የታሸገ ነጭ ክሎሪን ነበረበት። ክሎሪኑን በማንኪያ ስሰፍር ከማንኪያው አፍ በላይ የቆመውን በቢላዋ ጀርባ እላጨው ነበር። ሰይድ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ወላሂ አንተ ዝናብ ቢዘንብ ጠብታውን ትቆጥራለህ» ይለኛል። ያን ጊዜ ብዙ አልናገርም ነበር፤ ከአፍ ይልቅ እርሳስ ይቀናኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ጠፋ። ግንቦት ላይ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ። ከብት ይገባበታል፤ አህያ ይሸናበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል። ከላዩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሶ ጧት ጧት የበሰበሰ ገለባ ይሸታል። ደግነቱ ለመጠጥ ከመንደሩ በላይ ከዐለት ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ነበረችን። በዘመቻ የሲሚንቶ ሳጥን ተሠርቶላት፣ ክዳኑና ቧንቧው ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀርቷል፤ ሴቶቹ ከሳጥኑ በቅል እየጨለፉ ወደ እንስራቸው ይሞሉ ነበር። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ተቅማጥ ገባ ሲባል፣ ክፍት ምንጭ ሁሉ ክሎሪን ይጨመርበት የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ የተላጨ ማንኪያ። ጨመርሁ። በዚያው ዕለት ከቀትር በፊት፣ በምንጩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት አምስት እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈፉ።

በእኛ ዘንድ እንቁራሪት የምንጭ ጠባቂ ናት። በቅል ከገባች፣ የምትቀዳው ሴት ቀስ አድርጋ ትመልሳታለች እንጂ አትጥላትም። እንቁራሪት የሌላት ምንጭ አትጠጣም ይባላል። እኔ ይህን እያወቅሁ አልቆጠርሁትም፤ የተቀደደው መጽሐፌ ስለ ጠባቂ የሚለው ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ሴቶቹ ምንጩን አልፈው እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። እትዬ ደብሬ ለሊቀመንበሩ የሰጡት ምክንያት አጭር ነበር። «ጠባቂዋ የሞተችባት ምንጭ አትጠጣም» አሉ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሕፃናት ቀበርን። ሦስተኛው የወንድሜ ልጅ ታደሰ ሊሆን ነበር። ዐይኑ ጎደጎደ፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማዶ ይቀራል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በትንሽ ማንኪያ የጨውና የስኳሩን ውኃ እየሰጠን መለስነው። ነገር ግን ያ ሕፃን ሌላ ዙር የሚችል አካል አልቀረውም። ከወንዙ መጠጣቱን ካልተወ እንደሚሞት አውቄው ነበር፤ ለየሺም ነገርኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «እሺ አስኔ» አለች።

ለጋሽ ይመር ስነግራቸው መፍትሔው ቀሏቸው። «እንቁራሪት ከሆነ የሚፈልጉት እንቁራሪት ስጣቸው! ወንዙ ሙሉ አይደል?» አሉ። «ጓዱ ከአውራጃ ሲመጣ ሴቶቹ በዚህ ሞዴል ምንጭ ላይ ተሰልፈው ማየት አለበት። እነሱ ካልተሰለፉ የምንሰለፈው እኔና አንተ ነን።»

እንዲህ ሆኖ ነው ሥራው የተጀመረው። ጎሕ ሲቀድ እኔና ሰይድ ወደ ወንዙ እንወርዳለን። እንቁራሪት ስትያዝ መጀመሪያ የምታደርገው በእጅህ ላይ መሽናት ነው፤ በሆዷ ያጠራቀመችውን ውኃ በሙሉ ትለቀዋለች። ቀጥሎ አየር ውጣ ትነፋለች፤ በመዳፍህ ውስጥ እንደ ፊኛ ትወጠራለች። ከዚያ ቆዳዋ ያመነጫል። መጀመሪያ ላብ ይመስላል፤ ቆይቶ ይወፍርና ልክ እንደ ተልባ ውኃ በጣቶችህ መካከል ክር እየሠራ ይንጠለጠላል። ሽታው የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ነው። በዐመድ አሸዋለሁ፤ በእንዶድ እታጠባለሁ፤ ቆሎ ልበላ እጄን ወደ አፌ ሳቀርብ አሁንም አለ።

ኩሬው ፈጽሞ በደረቀበት ደግሞ ሰይድ በዶማ ሲቆፍር ድንች የመሰሉ ድቡልቡሎች ይወጣሉ። ከገላቸው ተልጦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በደረቀ ስስ ቆዳ ተጠቅልለው፣ እግራቸውን ከሆዳቸው ሥር አጥፈው ዝናብ የሚጠብቁ እንቁራሪቶች ናቸው። ሲተነፍሱ አይታዩም። አንዷን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ጧት ባያት፣ አፏን ሳትከፍት ውኃውን ስባ ወፍራለች። እንቁራሪት ገላዋ ሁሉ አፍ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አብሽር ዶክተር» አለኝ ሰይድ፣ «ይቺን አግባትና ውኃ ለመቅዳት የሚወርድ አይኖርባችሁም።»

በየቀኑ ሰባት እንቁራሪት በጨርቅ ቋጥረን ወደ ምንጩ እንወጣለን። ሴቶቹ ሳይደርሱ የትናንቱን ሬሳ በቅል አወጣለሁ፤ አዲሶቹን አስገባለሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የጻፍሁትን አሁንም በቃሌ አስታውሰዋለሁ። ክሎሪን ወዳለበት ውኃ እንደ ገቡ ዐይናቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ጉሮሯቸው ይርገበገባል፤ በክንዴ ደም ሥር እየለካሁ ብቆጥር ልቤ አንድ ጊዜ ሲመታ ጉሮሯቸው ሁለት ጊዜ ይመታል። ቡናማው ጀርባቸው እየነጣ ሄዶ የደረቀ ሊጥ ይመስላል። ዝልግልጉ ከገላቸው ተነሥቶ ውኃው ላይ ነጭ አረፋ ይሆናል። ቆዳቸው መላጥ ሲጀምር ያንኑ የተላጠ ቆዳ በፊት እጃቸው እየሰበሰቡ ወደ አፋቸው ከተው ይውጡታል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቁርሴን መለስሁት። ሰው ስስ ካናቴራውን አውልቆ ሲበላ እንደ ማየት ነው። በመጨረሻ የጉሮሯቸው ምት ይዘገያል፤ የኋላ እግራቸው ይዘረጋና ይቀራል። ክሎሪን በጨመርሁበት ዕለት እስከ ቀትር፣ ባልጨመርሁበት ዕለት እስከ ማታ።

ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አሹ። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያጸይፈኝ ስለነበረው ነገር ሁሉ ራሴን ያጽናናሁት «ለታደሰ ነው» እያልሁ ነው። በሰባተኛው ቀን ግን ታደሰ እንደገና ተቅማጥ ያዘው። ምክንያቱን ስፈልግ አደርሁ። ማንኪያዬን መረመርሁ፤ ዱቄቱ ጉልበቱ ደክሞ እንደ ሆነ ብዬ አሸተትሁት። ደብተሬን ገለበጥሁ። ከእንቁራሪት በቀር የተጻፈበት ነገር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ካድሬው መጣ። ጧት ጋሽ ይመር ምንጩ ድረስ አብረውኝ ወጡና «ዛሬ አብዛው» አሉኝ። «እንግዳው ሥራችን ከሩቅ ይሽተተው።»

«ጋሽ ይመር፣ ልኩ አንድ ነው» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«ልክህን ነገ ታመጣዋለህ።»

አራት ማንኪያ ጨመርሁ። ያልተላጨ። ከዚያ ሰባቱን እንቁራሪቶች አስገባሁ፤ እንደሚሆኑት እያወቅሁ።

ካድሬው አዲስ የቆዳ ጫማ ያደረገ፣ መንገዱ ያደከመው፣ ትሑት የሚመስል ልጅ ነበር። ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሴቶቹ በሰልፍ ቆሙለት። ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ሰፊው ሕዝብ መናገር ጀመረ። «ጓዶች፣ ይህ ምንጭ...» ሲል ከሳጥኑ ውስጥ ፏ ፏ የሚል ድምፅ መጣ። እንቁራሪቶቹ በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ እየዘለሉ ይወድቁ ነበር። አንዷ ጠርዙን ተሻገረች፤ ነጥታ፣ ተነፍታ፣ አረፋ ለብሳ፤ በካድሬው ጫማ ላይ ዐረፈች። እግሩን ሲያወናጭፍ ወደቀችና የኋላ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም አልሳቀም።

እትዬ ደብሬ ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው አነሧት። ዝልግልጉ በጣቶቻቸው መካከል ወረደ። አገላብጠው አዩዋት።

«አስናቀ» አሉኝ። «ይቺ የምንጯ አይደለችም። የምንጯ ጀርባዋ ላይ እንደ ሐር ክር አረንጓዴ መስመር አላት። ይቺ የወንዝ ናት።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስንት ቀን ሆነህ እንዲህ ስታደርግ?»

«ዘጠኝ።»

«እኛም ዘጠኝ ቀን ስናይህ ነበር።»

ጋሽ ይመር ጣልቃ ገቡ። «እትዬ ደብሬ፣ እንግዳ ፊት ባይሆን...»

«ይስማ እንጂ እንግዳው! ለውኃ አይደል የመጣው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ውኃ እሷን እንዲህ ያንጨረጨረ የኔን አንጀት ምን ያደርገዋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሬ አላውቅም። እንቁራሪት ውኃ በአፏ እንደማትጠጣ፣ ቆዳዋ ሁሉ አፍም አፍንጫም መሆኑን፣ ለእኛ ሽታ ብቻ የሆነው ለእሷ እሳት መሆኑን ነገርኋቸው። በልኩ ሲሆን ሰውን እንደማይጎዳ ነገርኋቸው። «ዛሬ ግን ልኩ አይደለም» አልሁ። «ከልኩ ከአራት እጥፍ በላይ ጨምሬበታለሁ። ሳጥኑ መፍሰስ አለበት።»

ካድሬው «ማን አዘዘህ?» አለኝ።

የጋሽ ይመርን ፊት አላየሁም። «የሰፈርሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

እትዬ ደብሬ እንቁራሪቷን እርጥብ ሣር ላይ አስቀመጧት። «ደግ» አሉ። «ለመሆኑ አንተ ከዚህ ምንጭ ስትጠጣ ማን አየህ?»

ክሎሪን ከጨመርሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ጉንጭ አልቀመስሁም። ቤቴ ሻይ አፍልቼ ነበር የምጠጣው። የእንቁራሪቶቹ አረፋ ያለበትን ውኃ እጸየፈው ነበር።

«ጠላ ያቀረበ በመዳፉ ሳይቀምስ ለእንግዳ ይሰጣል? በየትኛው አገር?»

«እትዬ፣ እናንተ እኮ ስለ እንቁራሪቷ...»

«የእንቁራሪቷም እውነት ነው። ግን የመንግሥት ሰው ሆነህ ዱቄትህን ይዘህ ስትመጣ፣ ራስህ ያልቀመስኸውን አንጠጣም ብሎ ፊት ለፊት ማን ይንገርህ? ነውር ነው። በእንቁራሪቷ ነገርንህ። አንተ እንቁራሪት አመጣህ።»

ያን ጊዜ የሺ ከኋላ ተናገረች፤ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ። «አስኔ፣ የዚህን ውኃ ለልብስ ነው የምንወስደው። የሚጠጣውን ከወንዝ ነው የምንቀዳ።»

ታደሰ ጀርባዋ ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ሳጥኑ ይፍሰስና እጠጣለሁ» አልሁ።

«ፈስሶ አዲስ የመነጨውንማ እኔም እጠጣዋለሁ። ያቀረብህልን ይህንን ነው» አሉና እትዬ ደብሬ በቅላቸው ከሳጥኑ ጨልፈው ሰጡኝ።

ተቀበልሁ። የክሎሪኑ ሽታ ዐይኔን አስለቀሰኝ። ከላዩ አረፋ፣ ከአረፋው መካከል የተላጠ የእንቁራሪት ቆዳ ነበር፤ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የጣት ቅርጽ ሳይቀር የወጣበት። ጠጣሁ። ክሩ ከቅሉ ወደ ከንፈሬ ተዘረጋ። መራራ ነው፤ ምላስ ያደነዝዛል። ያ ቆዳ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈና በምላሴ ስገፋው ወደ ጉሮሮዬ ሄደ። ሦስት ጊዜ ዋጥሁ። ሆዴ ወደ ላይ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት፤ በዚያች ሰዓት ብመልሰው ታደሰን በእጄ እንደ ገደልሁት ነበር። ሰይድ ከጎኔ «አላህ፣ አላህ» ሲል ይሰማኛል።

እትዬ ደብሬ ባዶውን ቅል ተቀበሉኝ። «በል አሁን አፍስሰው» አሉ።

እኔና ሰይድ ሳጥኑን አፍስሰን በሣር ፈተግነው። ቀን ሙሉ ሞልቶ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ የተላጨ ማንኪያ ጨመርሁ፤ ጥቂት ጠብቄ በመዳፌ ቀመስሁ፤ የሺ የመጀመሪያዋን እንስራ ሞላች። ታደሰ ዳነ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ይህን ታሪክ አያውቀውም። በኋላ ክሎሪኑን በምንጩ መጨመር ትቼ፣ በውኃ በጥብጬ በየቤቱ እንስራ ውስጥ በጠብታ ማድረግ ጀመርሁ፤ በየቤቱም መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ። ክረምቱ ሲገባ ጀርባቸው ላይ አረንጓዴ መስመር ያላቸው ሁለት እንቁራሪቶች ራሳቸው ወደ ሳጥኑ መጡ። በማኅበሩ ስብሰባ ግን ግለ ሂስ አድርግ ተብዬ፣ በእንግዳ ፊት እንቁራሪት በማዝለሌ ሁለት ሰዓት ቆሜ ተወቀስሁ። ጋሽ ይመር ስብሰባውን መሩት። አልቀየምሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ያንኑ መራራ ምራቅ ስውጥ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አነበብሁ። እንቁራሪት ስትጨነቅ በደሟ ውስጥ የሚረጨው ቅመም፣ ስንቋን አውጥታ ለማምለጥ የምታቃጥለው፣ በቆዳዋ የምታመነጨው መከላከያ ሁሉ ስም አለው። ደብተሬ ከመጽሐፉ ብዙ አልራቀም። እኔ ግን አልኮራበትም። ስድሳ ሦስት አስገባሁ፤ ሃምሳ አንድ ሞተው አወጣሁ፤ የቀሩት ዘለው አምልጠው ይሆናል። ሰይድ ይህን ሲያወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ዝልግልጉ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የእንቁራሪትን የጉሮሮ ምት የቆጠርሁ ሰው፣ ዐሥራ አንድ ገጽ የሞላሁ ሰው፣ እንስራዎቹ ከምንጩ ወዴት እንደሚሄዱ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አለማየቴ ነው። መልሱ በፊቴ በእግሩ ይሄድ ነበር።

በዚያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የሳትሁትን አርሙ። ሰይድ፣ ቁጥሩን አንተም ታውቃለህ። የሺ፣ ጌጤ፣ እቴነሽ፣ እናንተ ከእኔ የተሻለ ያያችሁበት ቦታ ላይ ነበራችሁ። በተለይ አንድ ነገር ንገሩኝ። ያቀረበ ይቀምሳል ያሉት እትዬ ደብሬ፣ ያንን ቅል ያቀረቡልኝም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲጨልፉ እኔ ሣሩ ላይ ያለችውን እንቁራሪት ነበር የማየው። ቀና ስል የቅሉ ጠርዝ እርጥብ ነበር፤ አገጫቸው ላይም ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ያየሁ ይመስለኛል። እሳቸው ዐርፈዋል፤ ልጠይቃቸው አልችልም። ቀምሰው ነበር? ያየ ይንገረኝ።